የሌሊቱ ጥቅል ርካሽ ነው፤ ሌሊቱ ግን ርካሽ አይደለም

(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረገው ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት እዚህ ተለጥፏል።)




 

ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳን አይደለም። ስለ ስልክ ነው። በተለይም ሁላችንም ተኝተን መሆን በሚገባን ሰዓት በእጃችን ላይ ስለሚበራው ስልክ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ እኮ የየቤታችን ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩን ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ማኅበሩን ምን እንደሚያገባው ከራሴ ጥፋት ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ጊዜ በዚሁ አዳራሽ መዋጮ ያልከፈሉ አባላትን ስም ሳነብ የአንዲት እናታችንን ስም ጠራሁ። እሳቸውም ከተቀመጡበት ተነስተው «ልጄ፣ እኔ እኮ ከፍያለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ደረሰኙን አወጡ። በእኔው እጅ የተጻፈ፣ በእኔው ፊርማ የተፈረመ ደረሰኝ ነበር። የከፈሉትን በመዝገቡ ላይ በሌላ ሰው ስም ትይዩ ጽፌው ኖሯል። ያን ቀን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገርኩም። ምክንያቱ ይህ ነው። መዋጮውን በተቀበልኩበት ዋዜማ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ስልክ ስነካካ ነበር ያመሸሁት። ጠዋት መዝገቡን ስገልጥ ዓይኔ መስመር ይስት ነበር። እናታችን ይህንን እንድናገር ፈቅደውልኛል። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ያገኙትን ብር ከፍለው በሰው ፊት የቆሙት በእኔ ሌሊት ምክንያት ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው ሌሊት የሌላውን ሰው ቀን ይነካል ማለት ነው። ማኅበሩን የሚያገባውም ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ሌሊት ምን ስሠራ ነበር? ምንም። ቁም ነገር የለውም። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል። አንዱ ሲሳደብ ሌላው ይመልሳል፤ እኔ ደግሞ መጨረሻውን ልይ እላለሁ። መጨረሻ የለውም። የድሮውን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ማታ ዜናው፣ ድራማው፣ ዘፈኑ ይቀርብና «ደኅና እደሩ» ተብሎ ይዘጋ ነበር። ሬዲዮውም እንደዚሁ። ስልክ ግን «ደኅና እደሩ» ብሎ አያውቅም። እኛው ራሳችን ካላልነው የሚለን የለም።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። አብዛኞቻችን ሌሊት የምናመሸው ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው። «የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በሌሊት ብቻ የሚሠራ ጥቅል ከቀኑ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ሌሊት ብዙ ሰው ስለሚተኛ መስመሩ ይለቃል፤ የለቀቀውን መስመር በርካሽ መሸጥ ደግሞ በየአገሩ ያለ የንግድ ሥርዓት ነው፤ ማንንም አልከስም። ጥፋቱ የእኛ አሳሰብ ነው። 1 ኪሎ ቲማቲም በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ 5 ኪሎ ገዝቶ እንደሚያበሰብስ ሰው ሆነናል። ርካሽ ነው ብለን ገዛን፤ ከገዛን ደግሞ «ሳይቃጠልብኝ ልጨርሰው» ብለን እናመሻለን። የምንጨርሰው ጥቅሉን ብቻ ሳይሆን እንቅልፋችንንም ጭምር ነው።

እስቲ በጣት እንቁጠረው። አንድ ሰው ለሌሊት ስልኩ በቀን 15 ብር ቢያወጣ፣ በ30 ቀን 450 ብር ይሆናል። በአንድ ቤት ሁለት እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር 900 ብር ይሆናል። የእኛ ወርኃዊ መዋጮ ከዚህ ያንሳል። ታዲያ መዋጮ ሲጠየቅ «ኑሮ ተወደደ» የምንለው ሰዎች አለን። ኑሮ መወደዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህም ብር ከዚያው ኪስ ነው የሚወጣው። በዚህ ላይ ሌሊት ብር ሲያልቅ የአየር ሰዓት ብድር አለ፤ ሲመለስ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት ነው። እንደገናም በስልክ የሚካሄደው የኳስ ውርርድ አለ። በቀን ብርሃን 50 ብር ለመስጠት ሦስት ጊዜ የሚያስብ ሰው ሌሊት በ7 ሰዓት በአንድ ጣት ይልከዋል። የደከመ ሰው ሒሳብ አያውቅም።

ትልቁ ኪሳራ ግን የእንቅልፉ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበራት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ባወጡት ምክር ጐልማሳ ሰው በየሌሊቱ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። በ2016 ደግሞ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት አስታውቀዋል። የእኛ ሰፈር ሰው በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? እንጨት የሚያመጡት እናቶች በጨለማ ነው የሚወጡት። ወደ ሥራ የሚወርደው ሰው ታክሲ ለማግኘት በ11 ሰዓት ይነሳል። ኪዳን የሚያደርሰውም፣ ጸበል የሚጠመቀውም ሳይነጋ ነው መንገድ ላይ ያለው። እንግዲህ በ11 ሰዓት ለሚነሳ ሰው 7 ሰዓት እንቅልፍ ማለት ማታ በ4 ሰዓት መተኛት ማለት ነው። በ7 ሰዓት የተኛ ሰው የሚያገኘው 4 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ዳገት ላይ ሸክም የሚሸከም፣ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ሸማ የሚሠራ፣ ሹፌር የሆነ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የእኔ ስሕተት መዝገብ ላይ ነው፤ ይቅርታ ተጠይቆበት ተስተካክሏል። በመሪ ላይ ቢሆን ኖሮ አይስተካከልም ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ብዙም አልተማርኩም። የተማሩ ልጆች አንብበው ያስረዱኝን ነው የምነግራችሁ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ያደረጉት አንድ ጥናት በ2014 መጨረሻ ላይ ወጥቷል። 12 ሰዎችን ለ5 ሌሊት ከመተኛታቸው በፊት ለ4 ሰዓት ያህል ብርሃን ባለው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ ለሌላ 5 ሌሊት ደግሞ በወረቀት መጽሐፍ አስነበቧቸው። በሰሌዳው ባነበቡ ጊዜ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ወደ 10 ደቂቃ ያህል ዘገዩ፤ ጠዋትም የበለጠ አንቀላፉ። ምክንያቱም ሰውነታችን ጨለማ ሲሆን «ተኛ» የሚል ቅመም ያመነጫል፤ ስሙ ሜላቶኒን ይባላል። ብርሃን ይህን ቅመም ያዘገየዋል።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ብርሃኑ የወሰደው 10 ደቂቃ ነው። እኔ ያመሸሁት ግን 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዋናው ሌባ ብርሃኑ አይደለም፤ ማቆም አለመቻላችን ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ቢጫ ማድረግ ወይም ብርሃኑን መቀነስ ብቻውን አያድነንም። በቢጫ ብርሃንም እስከ 8 ሰዓት ማምሸት ይቻላል። ሞክሬ ስለማውቀው ነው።

አንዳንዶች «እኔ ሌሊት ስልኬን መዝጋት አልችልም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም።

ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ እናቶች አሉን። ልጅቷ ከአሠሪዎቿ ሥራ የምትላቀቀው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በኢሞ የምትደውለው ያን ጊዜ ነው። እናት ታዲያ ስልኩን ትራስ ሥር አድርጋ በእያንዳንዱ ድምፅ ትባንናለች። ይህችን እናት «ስልክሽን ዝጊ» ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን የሪያድ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ከልጅቷ ጋር ተነጋግሮ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት የታወቀ ቀንና ሰዓት መያዝ ይቻላል። በሌሎቹ ሌሊቶች እናትም ትተኛለች፤ ልጅቷም ከዚያ ሁሉ ሥራ በኋላ ታርፋለች። አሜሪካ ዘመድ ያለው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እነሱ ከሥራ ወጥተው ማታ ሲደውሉ እኛ ጋ ሌሊት ነው። በእሑድ የእነሱ ጠዋት የእኛ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ ይደዋወሉ።

የሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ ወንድሞቻችንም አሉ። ለእነሱ ስልክ የሌሊት ጓደኛ ነው። የእነሱ ሌሊት የእኛ ቀን ስለሆነ፣ የምለውን ሁሉ ወደ ቀን ገልብጠው ይውሰዱት። እኛም ቀን ሲተኙ ልጆቻችንን ከደጃቸው ዞር እናድርግላቸው።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ። የፈረንጅ ምክር «ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ» ይላል። ሌላ ክፍል የት አለን? አብዛኛው ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አንዱ ስልክ ሲያበራ አምስቱ ነው ዓይኑን የሚገልጠው። ስለዚህ ለእኛ ቤት የሚሆነውን ልናገር። አንድም ብር አያስወጣም።

አንደኛ፤ ስልክ ቦታ ይኑረው። ልጅ ሳለሁ በሰፈሩ ስልክ ያለው አንድ ቤት ነበር። ስልኩ በጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ሒሳቡ እንዳይበዛም በመደወያው ላይ ቁልፍ ይደረግበት ነበር። ሰው ወደ ስልኩ ይሄዳል እንጂ ስልኩ ወደ ሰው አልጋ አይመጣም። ዛሬም ይህን ማድረግ እንችላለን። ከአልጋ ራቅ ያለ አንድ ቦታ፣ ቡፌው ላይ ወይም ሳጥኑ ላይ፣ የቤቱ ስልክ ሁሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ይቀመጥ። ዳንቴሉም ይመለስ። የአባትም የእናትም ስልክ አብሮ ይቀመጥ። አባት በእጁ እየነካካ ልጁን «አስቀምጥ» ቢል የሚሰማው የለም።

ሁለተኛ፤ ቻርጅ እዚያው ቦታ ላይ ይደረግ። ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ አድርጎ ቻርጅ ማድረግ ስልኩን ያግለዋል፤ ለእሳትም ያጋልጣል። ቤቶቻችን ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱ እሳት የሁላችንም እሳት ነው።

ሦስተኛ፤ «ደወሉ ያስፈልገኛል» የሚል ሰው ስልኩን ቡፌው ላይ እንዳለ ይሙላው። እንዲያውም ይሻላል፤ ለማጥፋት መነሳት ግድ ይሆንበታል። የተነሳ ሰው ደግሞ ተነሳ ማለት ነው።

አራተኛ፤ በብዙ ስልክ ላይ «አትረብሽ» የሚያሰኝ ማዘዣ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የጨረቃ ቅርፅ ነው። ይህ ሲበራ የማይረባው ድምፅ ሁሉ ዝም ይላል። ነገር ግን መርጠን የመዘገብናቸው ሰዎች ሲደውሉ ይጠራል። የሩቅ ልጃችሁን፣ የታመመ ዘመዳችሁን፣ የቅርብ ጎረቤታችሁን ቁጥር መርጣችሁ አስገቡ። ማድረግ የማትችሉ እናቶችና አባቶች ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ ወይም ወደ ወጣቶቹ ኑ፤ በነፃ እናስተካክላለን።

አምስተኛ፤ የሌሊት ጥቅል የግድ የሚያስፈልገው ተማሪ ካለ፣ በቀን የሚያጠናውን ትምህርት ጥቅሉ በሚሠራበት ሰዓት እንዲወርድ አዝዞ ስልኩን ያስቀምጥ። ስልኩ ይሥራ፤ ልጁ ይተኛ። በማግሥቱ ያለ ኢንተርኔት ማየት ይችላል። ሌላው ሰው ደግሞ በ*999# ገብቶ ጥቅል ከመግዛቱ በፊት «ይህን ለምን እገዛለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካጣ አይግዛ።

ስድስተኛ፤ ክፍተቱን በሌላ ነገር እንሙላ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ስልክ የምንነካካው ቀኑን ሙሉ ለራሳችን የምትሆን አንድ ሰዓት ስላላገኘን ነው። ይህችን ሰዓት መፈለግ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ከእራት በኋላ ቡና እያሽተትን አንድ ግማሽ ሰዓት ብንጫወት፣ ልጅን ተረት ብንነግር፣ ሬዲዮ ብንሰማ፣ የሚጸልይ ቢጸልይ ያው ዕረፍት ነው፤ መጨረሻም አለው።

እንዳትገዙ የምመክራችሁም አለ። «ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል» እየተባለ በየመንገዱ የሚሸጥ መነጽር አለ። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በ2023 በፈረንጆች 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ መነጽሩ ከተራ መነጽር የበለጠ የዓይን ድካም እንደማይቀንስ የሚያሳይ ውጤት አግኝቷል፤ ለእንቅልፍ መጥቀሙም አልተረጋገጠም። ለዚያ የምታወጡትን ብር ለልጅ ደብተር አድርጉት።

በመጨረሻም ማኅበሩ ራሱ ምን ያድርግ? እዚህም ጥፋት አለብኝ። የማኅበሩን ማስታወቂያ በቴሌግራም ቡድናችን ሌሊት በ5 እና በ6 ሰዓት የምለጥፈው እኔ ነኝ። እናንተም «ማን ሞተ?» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ፤ ስታዩት የስብሰባ ጥሪ ነው። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሀ. ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ በቡድናችን ምንም ነገር አይለጠፍ።

ለ. ኀዘን ወይም ድንገተኛ ችግር ሲደርስ በጽሑፍ ሳይሆን በመደወል ይነገር፤ ንጋት ላይም እንደ ልማዳችን ጥሩምባ ይነፋ። ጥሩምባው ጥቅል አይፈልግም። በጠና የታመመ ሰው ካለ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ይህን ቁጥር ቡፌው አጠገብ ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ሐ. ከመጪው ወር 16 ቀን፣ ከኪዳነ ምሕረት ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ለ30 ሌሊት ሁላችንም እንሞክረው። በየቤቱ ካላንደር ላይ ስልኩ በሰዓቱ በተቀመጠበት ሌሊት አንድ ምልክት ይደረግ። ያመለጠን ሌሊት ቢኖር ተስፋ አንቁረጥ፤ በማግሥቱ እንቀጥል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ። ለሌሊት ጥቅል ልናወጣ የነበረውንም ብር በአንድ ጣሳ እናጠራቅም። ወሩ ሲያልቅ ቆጥረን እንነጋገራለን። ብሩ የየቤቱ ነው፤ ማኅበሩ አይጠይቅም።

እኔ ከዚያ ስሕተት ወዲህ ስልኬን ቡፌው ላይ ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ እጄ ራሱ ትራስ ሥር ይፈልገው ነበር። ሁለት ሌሊትም ተነስቼ አምጥቼዋለሁ፤ አልዋሽም። አሁን ግን በ4 ሰዓት እተኛለሁ። ዛሬ ጠዋት የተቀበልኩትን መዋጮ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ፣ ስሙን ከደረሰኙ ጋር አመሳክሬ ነው የጻፍኩት። ያች እናታችንም ዛሬ ከፍለዋል፤ ደረሰኛቸውን ግን አሁንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል። ይቋጥሩ፤ መብታቸው ነው። እኔ የምፈልገው እንዳይፈቱት ነው።

ሐሳቤን እዚህ ላይ አበቃለሁ። በሦስቱ ነጥቦች ላይ ተወያዩባቸው፤ የሚቃወም ካለም ይናገር፤ በድምፅ ብልጫ ይወሰን።

 ደኅና እደሩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት